ውሃው የሚደፋ ቅጠል

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ ሼህ ያሲን። «ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ታሪኩን ስትሰማ ክፉ ሰው ነው ብለህ እንዳትገላገለው ነው።»

ይህን የሚሉት ለአሊጋዝ ነበር። አሊጋዝ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ከመስጊዱ አጥር አጠገብ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ሼሁ ፊት ተቀምጦ አንድ ነገር ጠይቋቸው ነበር።

«ሼህዬ» ብሎ ነበር የጀመረው፤ «ሰው ሳይጠየቅ ዝም ቢል ወንጀል ይሆንበታል ወይ? አልዋሸም እንበል። ማንም ምንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም። ይህ ይጻፍበታል?»

ለምን እንደሚጠይቅ አልነገራቸውም። ነገሩ ግን እንዲህ ነበር። አሊጋዝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራ ልፈልግ ብሎ ከተማ ወርዶ ወራት ቆይቶ ተመልሷል። የሄደው ለሥራ አልነበረም። ሳንባውን ታሞ ነበር። ሐኪም ቤት የሳንባ ነቀርሳ ነው ብለው ያለ ክፍያ መድኃኒት ሰጡት፤ ሳያቋርጥ ወስዶ ጨረሰ፤ ዳነም። አገሩ ሲገባ ግን ከሚስቱ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለም። አሁን የወንድሙ ሚስት ዘምዘም ማሳል ከጀመረች ሰንብታለች። ያልባታል፤ ልብሷ ሰፍቷታል። ቤተሰቡ ብርድ ነው ይላል፣ ዓይን ነው ይላል፣ ማር በፌጦ ያጠጣታል። አሊጋዝ ያንን ሳል ያውቀዋል። እንዳይናገር ግን ሴት ልጁ ታጭታለች፤ የእጮኛዋ ቤተሰቦች በሽታ ካለበት ቤት ሚስት የሚወስዱ ሰዎች አይደሉም። ከዚህም የባሰ የሚያስፈራው ነገር ነበረው። በሽታው ወደ ዘምዘም የተሻገረው ከእሱ ቢሆንስ? ወንድሙ ያን ጊዜ ምን ይለዋል?

ይህን ሁሉ በሆዱ ይዞ ነው ጥያቄውን ያቀረበው። ሼሁ ግን የሚያዩት ጣቶቹን ብቻ ነበር። አሊጋዝ የሽርጡን ጫፍ ይጠመዝዛል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይጠመዝዛል። አዎ ወይም አይደለም ብለው አልመለሱለትም። ታሪኩን ቀጠሉ፤ እንዲህ ነበር ያወሩት።

ገበሬው የሚኖረው ቆላ ውስጥ፣ ከገደል ሥር በተቀመጠች መንደር ነበር። ሚስትና ልጆች ነበሩት። ከጎረቤቱ ቤት የሚለየው አንድ የእሾህ አጥር ነው። በአጥሩ መሐል ሴቶቹ እሳት የሚቀባበሉባት ክፍተት አለች። የአንዱ በሬ ሲሞት የሌላው በሬ ይጠመድለታል፤ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ታርሳታለች። እንዲህ ነበር የሚኖሩት።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። ማሽላው ከሰው ጉልበት ከፍ ሳይል ደረቀ። ሰዉ ለዘር ያስቀመጠውን በላ። ከዚያ ፍየሎቹን እያረደ በላ፤ ያልታረዱት ከስተው ሞቱ። ጉልበት ያለው ተሰደደ። ልጆች ያሉት መንቀሳቀስ አልቻለም፤ ቀረ።

በዚህ መሐል አንዲት አሮጊት መንገደኛ ወደ ገበሬው ደጅ መጣች። ከታች ከበረሃው ዳር ተነስታ ወደ ልጇ አገር እየሄደች ነበር። ገበሬው የሚያበላት አልነበረውም። አላባረራትም ግን፤ ውሃ ሰጣት፣ መደቡን ለቀቀላት። በማግስቱ ጠዋት ልትሄድ ስትነሳ የልጆቹን እግር አየች፤ አብጧል። ከዚያ ገበሬውን ተከተለኝ አለችው።

የወሰደችው ከገደሉ ሥር ወዳለ አንድ ጎድጓዳ ሸለቆ ነው። እዚያ በድንጋዮቹ መሐል አንድ ቁጥቋጦ እዚህም እዚያም በቅሏል። ቅጠሉ ወፈር ያለ ነው፣ መልኩ አመድ የተነሰነሰበት አረንጓዴ ይመስላል። ድርቁ ሌላውን ሁሉ ሲያቃጥል እሱን አልነካውም። ፍየል እንኳ አፉን አያሳርፍበትም ነበር፤ ስለዚህ የመንደሩ ሰው መርዝ ነው ብሎ ትቶታል።

«መርዝ ነው ብትል አልተሳሳትክም» አለችው አሮጊቷ። «ግን ይበላል። ቅጠሉን ቀቅለህ ውሃውን ትደፋለህ። በሌላ ውሃ ደግመህ ትቀቅላለህ፤ ያንንም ትደፋለህ። ምሬቱ ከምላስህ እስኪጠፋ ድረስ እንዲሁ ታደርጋለህ። ከዚያ በኋላ በጨው አድርገህ ለልጆችህ ስጥ። ውሃውን እንዳይቀምሱት ብቻ።»

የቀመሰ ሰው ምን ይሆናል ብሎ ጠየቃት። ያስመልሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ምላሱን ያስረዋል አለችው። ቶሎ የጨው ውሃ አጠጥታችሁ ሆዱ ያለውን እንዲያወጣ አድርጉት፤ ከዚያም ውሃ አትንፈጉት፣ በትንሽ በትንሹ እየደጋገማችሁ ስጡት፤ የሚዘገይ ሰው ግን አይተርፍም አለችው። ይህን ብላ ዱላዋን ይዛ መንገዷን ሄደች። ለሰው ንገር አላለችውም። አትንገርም አላለችውም።

ገበሬው ቅጠሉን ለቅሞ ገባ። እንዳለችው አደረጉ። መጀመሪያ ራሱ በልቶ ጠበቀ። ምንም ሳይሆን ሲቀር ለልጆቹ ሰጣቸው። ልጆቹ በልተው ጠግበው ተኙ። የተኙበትን እያየ ደስታው መቀመጫ አሳጣው፤ ለጎረቤቱ ሊነግር ተነስቶ ወጣ። አጥሩ ድረስ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ቆመ።

ያቆመው አንድ ሐሳብ ነው። ቁጥቋጦው ብዙ አይደለም። ለጎረቤቴ ብነግረው ለወንድሙ ይነግራል፤ ወንድሙ ለአማቾቹ ይነግራል፤ ጁምዓ ሳይደርስ በሸለቆው ውስጥ ግንድ ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ የእሱም ልጆች የእኔም ልጆች አብረው ያልቃሉ። እስቲ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ልጠብቅ፤ ያን ጊዜ እነግረዋለሁ። ደግሞስ ማን ጠየቀኝ? ዋሽቼ እንደሆነ ልወቀስ እንጂ።

ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የሚባል ነገር አላገኘም።

ወደ ሸለቆው የሚሄደው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ ነው። በቀጥታ አይሄድም፤ ወደ ተቃራኒው ወጥቶ ዞሮ ይወርዳል። ቅጠሉን ከጆንያው ሥር ያደርግና ከላዩ ጭራሮ ይጭንበታል። መንገድ ላይ ሰው ካጋጠመው ሰላምታውን ይቀድማል፣ ከዚያም ሳያስፈልግ ብዙ ያወራል። ድንጋይ ሲንከባለል ከሰማ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሚስቱ በር ዘግታ ነበር የምትቀቅለው። ሽታው እንዳይወጣ ደረቅ እበት ታጨስበታለች። ያንን አረንጓዴ ውሃ ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ውስጥ ትደፋና አመድ ታለብሰዋለች።

ሚስቱ አንድ ቀን ጠየቀችው። የበሰለውን ብቻ፣ ከየት እንደመጣ ሳንናገር፣ ለጎረቤቶቻችን ልጆች ብንሰጥስ አለችው። ልጆች አፍ አላቸው አላት። ከዚያ በኋላ ግን ወደ አጥሩ ክፍተት መሄድ ተወች። የጎረቤቷ ሚስት ስትጠራት እጄ ሥራ ይዟል ትላታለች። ያቺ ሴት በምን አስቀየምኳት ብላ ስትጨነቅ ከረመች።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ደግሞ የለቅሶ ነገር መጣ። ሲመሽ በየቤቱ ሕፃናት በረሃብ ያለቅሳሉ። ከገበሬው ቤት ግን ድምፅ አይሰማም። ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ ሆኖ፣ የአንተ ልጆች እንዴት ቻዮች ናቸው፣ የእኛዎቹ ናላችንን አዞሩት አለው። ተንኮል አልነበረበትም። ደክሞት ያወራው ወሬ ነው። ገበሬው ግን ተራ ወሬ አልመሰለውም። ቤቱ ገብቶ ልጆቹን ሰበሰበና ሲመሽ ሲመሽ እንዲያለቅሱ አዘዛቸው።

ልጆቹ ጨዋታ መሰላቸው፤ ሳቁ። ተቆጣቸው። የአባታቸውን ፊት ሲያዩ ትልቋ ማልቀስ ጀመረች፤ ታናናሾቿም እሷን አይተው ቀጠሉ። ያ ለቅሶ የእውነት ነበር። ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሼህ ያሲን እዚህ ላይ ከኮዳቸው ውሃ ተጎነጩ። አሊጋዝ የሽርጡን ጫፍ ለቆ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር።

«ግን ሼህዬ» አለ ዝግ ብሎ፤ «ሰውዬው ያሰበው እውነት ነው እኮ። ቅጠሉ ለሁሉ አይበቃም።»

«እሱም እንደዚያ ነበር የሚለው» አሉ ሼሁ፤ ቀጠሉ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ የጎረቤቱ ሚስት እሳት ልትለምን ወደ አጥሩ ክፍተት መጣች። ከመጣራቷ በፊት አንድ ነገር አየች። የገበሬው ልጅ ከቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከጣባ ውስጥ አረንጓዴ ነገር በእጁ እየዛቀ ይበላል። እናቱ ሮጣ ወጥታ ይዛው ገባች። ጎረቤቲቱ እሳት መለመኑን ተወችው። ምን እየበላችሁ ነው ብላ መጠየቅ ትችል ነበር። አልጠየቀችም። ሊያካፍሉን ቢፈልጉ ይነግሩን ነበር፣ ያልፈለጉትን ብለምናቸው ውርደት ነው ብላ አሰበች። በማግስቱ ገበሬውን ከሩቅ ተከተለችው፤ ሸለቆው ድረስ ሄዳ ከየትኛው ቁጥቋጦ እንደሚለቅም አየች። እሱ ሲመለስ ወርዳ እሷም በነጠላዋ ሙሉ ለቀመች።

ልጁ ሲበላ አይታለች። ገበሬው ሲለቅም አይታለች። እንዴት እንደሚዘጋጅ ግን አላየችም።

ለባሏም አልነገረችውም። ኩሩ ሰው ነበር፤ ሰው የደበቀውን አንነካም ይላል ብላ ፈራች። በነጋታው ጠዋት እሱ ውሃ ሊቀዳ ሩቅ ወዳለው ኩሬ ሲሄድ ጠብቃ ድስት ጣደች። ቅጠሉን አንድ ጊዜ ቀቀለችው። ውሃውን ለመድፋት ጨርሶ አላሰበችም፤ የረሃብ ጊዜ ማን ሾርባ ይደፋል? እንዲያውም ኃይሉ ውሃው ውስጥ ነው ብላ አሰበች። ትንሿ ልጇ ማኘክ ስላቃታት ከሁሉ አብልጣ ውሃውን ያጠጣችው እሷን ነው። ትልልቆቹ ቅጠሉን በሉ። የተረፈውን እሷ በላች፣ ድስቱንም አጠበች።

ባሏ ሲመለስ ቤቱ ውስጥ ወድቀው አገኛቸው። ጮኸ፤ ሰው መጣ። ሴትዮዋ መናገር አልቻለችም፤ ምላሷ ታስሯል። ልጆቹ ያስመልሳሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ። የሚያስመልሱት አረንጓዴ መሆኑን ሰዉ ሲያይ ሐሞታቸው ነው አለ። በታችኛው መንደር ሰው የጨረሰው ተቅማጥና ትውከት እኛም ጋ ደረሰ ተባለ። ሰዎች ከደጁ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። በሽታ ያውቃሉ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ውሃ እንዳትሰጧቸው፣ ውሃ ትውከቱን ያባብሰዋል አሉ። አባትየው ለትንሿ ልጁ ውሃ ሊሰጥ ሲል ቅሉን ከእጁ ቀሙት። ለእሷው ብለን ነው አሉት።

ገበሬውም መጥቶ ነበር። ከበሩ ላይ ሆኖ ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ አየ፣ ገባው። ምን እንደበሉ አወቀ፤ ምን እንደሚያስፈልጋቸውም አወቀ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሊናገር አፉን ከፈተ። ከፊቱ አንዲት ሴት ቆማለች፤ ባለፈው ሳምንት ልጇን የቀበረች ናት። ከእሷ ኋላ እናቱን የቀበረ ሰው አለ። ይህን ቅጠል ከመቼ ጀምሮ ነው የምትበላው ብለው ሲጠይቁት ታየው። አፉን ዘጋ።

ለራሱ ብዙ ነገር ነገረው። ምናልባት ትንሽ ነው የበሉት፤ ይለቃቸዋል። ምናልባትም እውነትም በሽታው ሊሆን ይችላል፤ እኔ ሐኪም ነኝ? ትንሽ ልይ፣ ካልተሻላቸው እናገራለሁ። ወደ ቤቱ ሄደ።

ሚስቱ በሩ ላይ ጠበቀችው። ምን ሆኑ አለችው፤ ታመሙ አላት። ፊቱን አየችው።

«ቅጠሉን ነው?» አለችው።

ጨው ያለበትን ቅል አንስታ ልትወጣ ስትል ክንዷን ያዘ። ትንሽ ቆዪ፣ ትንሽ እንጠብቅ አላት። እሷም ቆመች፤ ቅሉ በእጇ ነው። እሱ ይወጣል፣ ይገባል። አጥሩ ጋ ሄዶ ያዳምጣል፣ ይመለሳል። ከማዶ የሚያስመልሱት ልጆች ድምፅ ይሰማል። ፀሐይዋ እየወጣች፣ ጥላው እያጠረ ሄደ። ቀትር ሊሆን ሲል ድምፁ ቀነሰ። ቀጥሎ ጠፋ። ድምፁን ሲሰማ ከነበረው ፍርሃት ይልቅ ዝምታው ባሰበት። ሚስቱ ቅሉን እንደያዘች ወደ በሩ ተራመደች።

ያን ጊዜ ነው ገበሬው የተነሳው። የራሱ ቤተሰብ የሚበላው ቅጠል የበሰለበትን ድስት ከምድጃው አነሳ። በበሩ ዞሮ ለመሄድ ጊዜ አልነበረውም፤ በእሾህ አጥሩ ውስጥ ገብቶ ጥሶት አለፈ፤ ክንዱና ፊቱ ደም በደም ሆነ። ሰዉ ፊት ቆሞ ድስቱን ከፈተ።

«በሽታ አይደለም» አለ። «ይህን ቅጠል ነው የበሉት። ከገደሉ ሥር ያለው ቁጥቋጦ ነው። እኔም ልጆቼም ስንበላ የከረምነው ይህንኑ ነው። ውሃው መደፋት ነበረበት፤ እነሱ ውሃውን ጠጥተውታል። የጨው ውሃ ስጧቸው፣ ያውጡት። ከዚያ ውሃ ስጧቸው።»

ሰዉ አላመነውም። አእምሮውን የሳተ ነው የመሰላቸው፤ ያ ቁጥቋጦ መርዝ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ እጁን ድስቱ ውስጥ ከቶ ዘገነና ፊታቸው በላ። ደግሞ ዘገነ፣ በላ። ሚስቱ ጨውና ውሃ ይዛ በመሐላቸው አልፋ ወደ ውስጥ ገባች። ያን ጊዜ አባትየው ተከትሏት ገባ።

እስከ አመሻሽ ድረስ ተረባረቡ። እናትየዋ ተረፈች። ትልልቆቹ ልጆች ተረፉ። ትንሿ ልጅ ግን ገና ከዐስር ሶላት በፊት ሞተች። ጨውና ውሃው ሲደርስላት መዋጥ አልቻለችም ነበር።

ቀበሯት። ከቀብር ሲመለሱ ጎረቤቱ ወደ ገበሬው መጣ። ሰዎቹ ይመታዋል ብለው ሊይዙት ተጠጉ። አልመታውም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

ገበሬው የጠየቀው ስለ ቅጠሉ መሰለው። ዐረፋ ሰሞን ነው፣ አንዲት አሮጊት አሳየችኝ አለው። ጎረቤቱ ራሱን ነቀነቀ።

«እሱን አይደለም የምጠይቅህ» አለው። «ዛሬ። የእኔን ልጆች ምን እንደያዛቸው ዛሬ መቼ ነው ያወቅከው?»

«ጠዋት» አለ ገበሬው።

ጎረቤቱ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ሄደ።

በማግስቱ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ቅጠሉን አሳየን አለው። ወደ ሸለቆው ወሰዳቸው፤ ቁጥቋጦውን እየነካ አሳያቸው። ከመሐላቸው ሌላ ሽማግሌ፣ ከላይኛው ሰፈር የመጣ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ለረጅም ጊዜ ቅጠሉን በእጁ አገላበጠው። ይህ ነው እንዴ አለ። ይህማ ከገደሉ በላይ ከተራራው ጀርባ ዳገቱን ሞልቶታል፤ እኛ የላይ ሰፈሮቹ ለማገዶ ነው የምንቆርጠው አለ። ሄደው አዩ፤ እንዳለው ነበር። ያ ዳገት ዝናብ እስኪመጣ ድረስ መንደሩን ሁሉ አበላ። ከዚያ በኋላ በዚያች መንደር በረሃብ የሞተ ሰው አልነበረም።

ገበሬው አይበቃም ብሎ ያን ሁሉ ወር በፍርሃት የጠበቀው ቅጠል ከበቂ በላይ ነበር። ይህን ማወቅ ግን አልቻለም። ስለ ቅጠሉ ቢያወራ ኖሮ ሽማግሌው በዚያው ቀን ይነግረው ነበር። ያልተናገረ ሰው ማን ምን ይነግረዋል?

ከመንደሩ አላባረሩትም። አርጅቶ ነው የሞተው። ጎረቤቱም ሰላምታ አልነፈገውም። ነገር ግን ሰው በተሰበሰበበት «ጠዋት» የሚል ቃል ሲነሳ ገበሬው ተነስቶ ይወጣ ነበር ይባላል።

ሼህ ያሲን ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙና ወደ አሊጋዝ ዞሩ።

«ሰው ሳይጠየቅ ዝም ቢል ወንጀል ነው ወይ አልከኝ። ያ ገበሬ አንድም ቀን አልዋሸም። ማንም አልጠየቀውም። ፍርሃቱም የውሸት አልነበረም፤ ልጆች ነበሩት። እኔም መጀመሪያ ዝም ያለ ጊዜ የነበረውን ፍርሃት አላህ ይቅር ሊለው ይችላል እላለሁ፤ እሱ ያውቃል። በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ካየ በኋላ ማንም ሊጠይቀው አይገባም ነበር። የታመመው ሰው ምን ብሎ ይጠይቀዋል? የሚያውቅ ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም። ያቺን ልጅ ቅጠሉ ያዛት፤ የገደላት ግን ከጠዋት እስከ ቀትር ያለው ጊዜ ነው።»

አሊጋዝ ቀና አላለም።

«አንተ ዘንድ ያለው ቅጠል ምን እንደሆነ አላውቅም» አሉት። «እንድትነግረኝም አላስገድድህም። ግን እንዲሁ ለማወቅ ብለህ የጠየቅከኝ ጥያቄ አይመስለኝም። አሁን ባንተ ጎረቤት የወደቀ ሰው ካለ፣ አንተም ምን እንደያዘው የምታውቅ ከሆነ፣ ወደ እኔ መምጣትህ ያ ሰውዬ ወደ አጥሩ እየሄደ እንደሚመለሰው ነው። ያዳምጣል፤ ይመለሳል። ከእኔ ፈቃድ ፈልገህ ከሆነ የለኝም። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ለዚያ ሰው አሁን ጠዋት ነው ወይስ ቀትር ሆኗል?»

አሊጋዝ መለሰ። ሲናገር ድምፁ የሚሰማ አልነበረም፤ ሼሁ ጆሯቸውን አስጠግተው ነው የሰሙት።

«ዘምዘም ናት» አለ። «የወንድሜ ሚስት። ትናንት ደም አስላለች።» ከዚያ የራሱን በሽታ፣ ከተማውን፣ መድኃኒቱን፣ ልጁ መታጨቷን፣ ሁሉንም ተናገረ። ከእኔ ተላልፎባት እንደሆነም አላውቅም አለ።

«የልጄ ጋብቻ ይፈርሳል» አለ በመጨረሻ።

«ይፈርስ ይሆናል» አሉ ሼሁ። አይፈርስም ብለው አላባበሉትም።

«ወንድሜስ?»

«እሱንም አላውቅም። መድኃኒቱ መኖሩን ግን አንተ ታውቃለህ። እሱ አያውቅም።»

አሊጋዝ ተነሳ። ጫማውን ሲያደርግ እግሩን ስቶ ሁለት ጊዜ ሞከረው። ከዚያ ወደ ሼሁ ዞሮ፣ አንቱ አብረውኝ ይምጡ፣ እኔ ደጃቸው ስደርስ አፌ ይያዝብኛል አላቸው።

ሼህ ያሲን ምርኩዛቸውን ፈልገው ያዙና እጃቸውን ዘረጉለት፤ አሊጋዝ ስቦ አስነሳቸው።

«እመጣለሁ» አሉት። «እስከ በሩ አደርስሃለሁ፤ አጠገብህም እቆማለሁ። የምትናገረው ግን አንተ ነህ። በል ፍጠን፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ ብለህ እንዳታዘግም።»